የፈረስ መጋላው መታሰቢያ፣ የድሬዳዋው የጦር መቃብርና የእኛ የቀለም ቆርቆሮ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከሐረርና ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት በየአደባባዩና በየመቃብሩ ስላሉ የጦርነት መታሰቢያዎች ነው። አንዳንዱን በአጭሩ፣ አንዳንዱን ሰፋ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በሐረር የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ፈረስ መጋላ ወዳለው የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ እሄዳለሁ። የውጊያው ቀን ግን በየጽሑፉ ይለያያል። ደግሞም ክፍሌ ውስጥ የሐረሪ፣ የኦሮሞ፣ የአማራና የሶማሌ ልጆች አብረው ነው የሚቀመጡት። ከየት ልጀምርላቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ከውጊያው አይጀምሩ። ከግብፆች ይጀምሩ። የግብፅ ጦር ሐረርን የያዘው በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ (በ1875 እ.ኤ.አ.) ነው። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ1877 ሲወጣ ሥልጣኑ ወደ አሚሮቹ ቤተሰብ ተመለሰና አሚር አብዱላሂ ነገሡ። ልጆቹ ይህን ካላወቁ ጨለንቆ ከሰማይ ዱብ ያለ ነገር ይመስላቸዋል።

አሚሩ የተረከቡት አገር ዙሪያው በተስፈኞች የተከበበ ነበር። ሐረር የቡናው፣ የጨርቁና የጦር መሣሪያው ንግድ ወደ ዘይላ ወደብ የሚያልፍባት በር ናት። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በባሕሩ ዳር ተሰልፈው ሳለ በ1878 የጣሊያኑ የፖሮ ተጓዥ ቡድን ጄልዴሳ አካባቢ ተገደለ። ጄልዴሳ ከዛሬዋ ድሬዳዋ የምትርቅ አይደለችም። ይህ ግድያ ጣሊያን በሐረር ጉዳይ እንድትገባ ሰበብ ሊሆን ይችል ነበር። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክም አውሮፓውያን ሳይቀድሟቸው ወደ ምሥራቅ ዘመቱ። ሁለቱ ጦሮች የተገናኙት ከቁልቢ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጨለንቆ ነው። አሚሩ ያጠቁት በገና ሰሞን ነበር። የምኒልክ ሠራዊት በቁጥር በጣም ይበልጥ ስለነበር ውጊያው ብዙ አልቆየም፤ የአሚሩ ጦር ተፈታ። ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ በኋላ የአጎት ልጅ የሚሆኗቸውን መኰንን ወልደ ሚካኤልን ሾሙባት፤ እሳቸውም በ1898 እስኪያርፉ ሐረርን ገዙ።

ስለ ቀኑ፦ በፈረንጆቹ አንዳንዱ ጃንዋሪ 6፣ ሌላው ጃንዋሪ 9 ቀን 1887 ይላል። እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ሦስተኛ ቀንም አለ። ታኅሣሥ 29 ቀን ዛሬ ጃንዋሪ 7 ላይ ስለሚውል ያንኑ ይዘው ጃንዋሪ 7 ቀን 1887 ብለው ይጽፋሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ያንስ ነበር፤ ስለዚህ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ጃንዋሪ 6 ቀን 1887 ነው። በሂጅራ ዓመቱ 1304 ነው። በክፍል ሰሌዳ ላይ «በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን» ብለው ቢጽፉ ማንም አይቃወምዎትም።

የልጆቹ ነገር ግን ከቀኑ ይከብዳል። በአደባባዩ ላይ ቆመው ዙሪያውን ያሳዩአቸው። መታሰቢያው የቆመው በጨለንቆ ለወደቁት ነው። ከፊት ለፊቱ ከውጊያው በኋላ፣ ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። ከጀጎል፣ ማለትም በግንብ ከታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ውጭ ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት የራስ መኰንን የፈረስ ሐውልት ነበር፤ በሰኔ 2012 በተነሣው ሁከት ፈረሰ። ያው መኰንን በጨለንቆ ድል ማግሥት የተሾሙት ናቸው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም የሐረርጌን ጦር ይዘው አምባላጌና ዓድዋ ዘምተዋል። አንዱ ቤተሰብ በዓድዋ የዘመተ አያቱን ሲያነሣ፣ ሌላው በጨለንቆ የወደቀ ቅድመ አያቱን ያነሣል፤ ሁለቱንም የሚያነሣ ቤተሰብም ሐረር ውስጥ ሞልቷል። አንዱን ለማስከበር ሌላውን ዝም ማሰኘት አያስፈልግም። ደግሞም አይሠራም፤ ልጁ ቤቱ ገብቶ ሌላውን ይሰማልና።

ለክፍል ሥራ ይህን ይስጧቸው፦ መታሰቢያውን ማን አቆመው፣ መቼ፣ በየትኞቹ ቋንቋዎች ተጻፈ፣ ስም የተጠቀሰው ማን ነው፣ ያልተጠቀሰውስ? አምስቱን ጥያቄዎች ከጽሑፉ ብቻ ይመልሱ፤ ከዚያ በኋላ ቤት ሄደው አዛውንት ይጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሽማግሌውን አስቀድመው ከጠየቁ ድንጋዩ ላይ የሚያነቡት የሰሙትን ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለ አንድ አሮጌ ግንብ ላይ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ጽሑፍ አይቻለሁ። ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር 14 ተቀርጿል። ምንድን ነው?

መልስ፦ የፋሺስቶቹ ዘመን አቆጣጠር ነው። መጀመሪያው ኦክቶበር 28 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዓመቱም የሚለወጠው በየዓመቱ በዚያው ቀን ነው። 14 ማለት ከኦክቶበር 28 ቀን 1935 እስከ ኦክቶበር 27 ቀን 1936 ያለው ጊዜ ነው፤ በእኛ ከጥቅምት 17 ቀን 1928 እስከ ጥቅምት 17 ቀን 1929። ሐረር በሚያዝያ 30፣ ድሬዳዋ በማግሥቱ በግንቦት 1 ቀን 1928 ስለተያዙ ያዩት ጽሑፍ ከወረራው መጀመሪያ ወራት የቀረ ነው። አይፋቁት፤ ሌላው እንዲፍቀውም አይፍቀዱ። የወራሪውን ጽሑፍ ማቆየት ወራሪውን ማክበር አይደለም፤ ማስረጃ መያዝ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ልብ ይበሉልን፦ መጋቢት 20። በ1928 በዚያ ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያልተመሸገች ከተማ መሆኗ ታውጆ የነበረውን ሐረርን ደበደቡ። በ1933 በዚያው መጋቢት 20 ድሬዳዋ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ሁለቱም በፈረንጅ ማርች 29 ናቸው። በሁለቱ ከተሞች የጋራ መታሰቢያ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ካለ ቀኑ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ «የእንግሊዝ መቃብር» የምንለው ቦታ የተኙት እነማን ናቸው? ድንጋዮቹ ላይ ያሉት ምልክቶችስ?

መልስ፦ ድሬዳዋም ሐረርም የጋራ ብልጽግና የጦር መቃብር ኮሚሽን የሚጠብቃቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቃብሮች አሏቸው። «የእንግሊዝ» መባሉ ግን ግማሽ እውነት ነው። በ1933 ከሞቃዲሾ ተነሥቶ በጅግጅጋ በኩል የመጣው ጦር አብዛኛው አፍሪካዊ ነበር። የማርዳን መተላለፊያ የሰበሩት፣ በባቢሌና በቢሲዲሞ በኩል ተዋግተው መጋቢት 17 ሐረር የገቡት የናይጄሪያ ወታደሮች ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ድሬዳዋ የገቡት ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። አዲስ አበባ የተያዘችው ከዚያ ቀጥሎ፣ መጋቢት 28 ነው።

የኮሚሽኑ መደበኛ የመቃብር ድንጋይ 81 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 38 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 7.6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ አፈሩ በማይረጋባቸው ቦታዎች በምትኩ ዝቅ ያለ መሠረት ላይ የተገጠመ ጽላት ይጠቀማሉ። ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፦ መጀመሪያ የክፍሉ ዓርማ፣ ቀጥሎ መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም፣ የጦር ክፍል፣ የሞተበት ቀን፣ ዕድሜ፤ ከዚያ የሃይማኖት ምልክት፤ ከግርጌ አንዳንድ ጊዜ ቤተሰቡ የመረጠው ቃል። የሚዳቋ ዓይነት የእንስሳ ራስ ካዩ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ጥሩንባ የመሰለ ቀንድ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የኒያሳላንድ (የዛሬዋ ማላዊ) ሰዎች የነበሩበት የምሥራቅ አፍሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ዓርማ ነው። መኰንን ይሁን ተራ ወታደር የድንጋዩ መጠን አንድ ነው፤ ኮሚሽኑ በ1917 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ያወጣው መርሕ ነው።

መርሑ ግን በአፍሪካውያን ላይ በሚገባ አልተፈጸመም። ኮሚሽኑ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በተለይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የአፍሪካና የእስያ ሙታን ብዙዎቹ በስማቸው ሳይታወሱ መቅረታቸውን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ወደ መቃብሩ ሲሄዱ ሌላም ነገር ያስቡ፦ አምስት ዓመት በዱር በገደል የቆዩት የሐረርጌ አርበኞች፣ በመጋቢት 1928ቱ የቦምብ ድብደባ የሞቱት የሐረር ነዋሪዎች እዚያ የሉም። የኮሚሽኑ መዝገብ የእነሱ መዝገብ አይደለም። የእነሱን የሚያዘጋጅ እኛው ነን።

ስም የሚፈልግ ሰው በኮሚሽኑ የኢንተርኔት መዝገብ በነፃ መፈለግ ይችላል። የአፍሪካውያን ስም እንደ መዝጋቢው ጆሮ የተጻፈ ስለሆነ በሙሉ ስም መፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ ያስቀራል። የመቃብሩን ስም አስገብታችሁ ዝርዝሩን በሙሉ ብታወጡና በመለያ ቁጥር ብታስተያዩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሰፈር ወጣቶች ማኅበር ነን። ለሚያዝያ 27 የአርበኞች በዓል ሰፈራችን ያለውን የመታሰቢያ ድንጋይ ማሳመር እንፈልጋለን። በበረኪና አጥበን፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍነን፣ በዘይት ቀለም ልንቀባው ነው። ምን ያህል ቀለም ያስፈልገናል?

መልስ፦ ምንም። ሐሳባችሁ የሚያኮራ ነው፤ የዘረዘራችኋቸው ሦስቱም ነገሮች ግን ድንጋዩን ይገድላሉ። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንንገራችሁ።

በረኪና አጥቦ አይጠፋም፤ ጨው ሆኖ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል። ድንጋዩ ሲደርቅ ጨው ይጠጥራል፤ ሲጠጥር ይሰፋል፤ የድንጋዩን ፊት ከውስጥ ገፍቶ እንደ ቅርፊት ያረግፈዋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤና የባትሪ አሲድ የባሱ ናቸው። በሐረር በብዛት የሚሠራበት ሐሺ የሚባለው ድንጋይ፣ እንዲሁም እብነ በረድ፣ ኖራ አዘል ናቸው፤ አሲድ ሲነካቸው አረፋ የሚያወጡት ድንጋዩ ራሱ እየቀለጠ ነው። አንድ ጊዜ የቀለጠ ፊደል አይመለስም። የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ጭረት ብቻ አይደለም የሚተወው፤ የብረት ብናኝ ይተክልበታል፤ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ድንጋዩ የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል።

ሲሚንቶ ከለስላሳ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውኃም አያስተነፍስም። ግድግዳው ውስጥ የገባው ርጥበት መውጫ የሚያገኘው በሲሚንቶው ሳይሆን በድንጋዩ በኩል ስለሚሆን ሲሚንቶው ሳይነካ ድንጋዩ ዙሪያውን ይፈረፈራል። በድሮ ግንብ ላይ መሐሉ የጎደጎደ ድንጋይ፣ ዙሪያው ግን ጎልቶ የወጣ የሲሚንቶ መስመር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ምክንያቱ ይህ ነው። የዘይት ቀለምም እንዲሁ አፍኖ ይይዛል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ይነፋና የድንጋዩን ፊት ይዞ ይላጣል። ከዚያ በላዩ እንደገና ትቀባላችሁ። ፊደሉ በየዓመቱ እየተሞላ ሄዶ መጨረሻ ላይ አይነበብም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ፈቃድ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና የሚሠራው በሚመለከተው ባለ ሥልጣን ፈቃድ ነው፤ በቅርብ ያለውን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ በደብዳቤ ጠይቁ። ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ከግንቡ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለበዓል ዋዜማ አታድርሱት፤ ሁለትና ሦስት ወር ቀድሙ።

ፈቃዱ ሲመጣ የሚያስፈልጋችሁ ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ የላስቲክ ወይም የጭራ ብሩሽ፣ ባልዲ፣ ስፖንጅና የተሾለ የቀርከሃ እንጨት ነው። ሳሙናም አያስፈልግም። ድንጋዩን መጀመሪያ ከአራት ማዕዘን ፎቶ አንሡት። ከዚያ በማይታይ ቦታ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የምታህል ቦታ አጥባችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ እጃችሁን ስታሹበት እንደ ዱቄት የሚወጣ ነገር ካለ አቁሙ፤ ያ ድንጋይ የባለሙያ እንጂ የእናንተ ሥራ አይደለም። ደህና ከሆነ ሙሉውን አስቀድማችሁ አርጥቡና ከታች ወደ ላይ እጠቡ። ከላይ ከጀመራችሁ የቆሸሸው ውኃ በደረቁ ድንጋይ ላይ ወርዶ ይመጠጥና የማይለቅ መስመር ይሠራል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ሊትር ይበቃል። በድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት ውኃ ካጠጣችሁት በኋላ በቀርከሃው ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ ደረቁን አትፋቁ። በግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ወደ ድንጋዩ አይቅረብ። ድሬዳዋ ከሆናችሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ በሞቀ ድንጋይ ላይ ውኃው ሳይታጠብ ይደርቅና ቆሻሻውን መልሶ ይለጥፈዋል።

በድንጋዮቹ መካከል ያለው መያዣ ከረገፈ በኖራ ድፈኑ፦ 1 እጅ የበሰለ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ። ጨዋማ አሸዋ አትጠቀሙ። ክፍተቱን ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ጠርጋችሁ፣ አርጥባችሁ፣ ኖራውን ጠቅጥቃችሁ ሙሉ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ኖራ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ሰው «ኖራ አይረባም» ብሎ ወደ ሲሚንቶ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አንድ ሳምንት ስለማይታገሥ ነው።

ሐውልቱ የድንጋይ ሳይሆን የኮንክሪት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ የሚታየው ስንጥቅ ከውስጥ ያለው ፌሮ ስለዛገ ነው፤ ዝገት ከብረቱ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ይሰፋልና ኮንክሪቱን ይፈነቅለዋል። በትንሽ የእንጨት መዶሻ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከፌሮው ተላቋል። ቦታውን በጠመኔ ሳይሆን በፎቶ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ለመሐንዲስ አሳዩ። ላዩን መለሰን በሽታውን መሸፈን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የደበዘዘ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል? ሰዎች ጠመኔ ወይም የጫማ ቀለም ይቀቡበታል።

መልስ፦ ሁለቱም ይቅር። ብርሃን ይበቃዎታል። ጠዋት ማለዳ ወይም ወደ ማታ ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ ይሂዱ፤ ፊደሉ ጥላ አውጥቶ ይነሣል። ፀሐይ ካልደረሰበት ረዳትዎ የእጅ ባትሪ ከድንጋዩ ጋር አጋድሞ ይያዝ፤ እርስዎ ከፊት ያንሡ፤ ባትሪው ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይደገም። ሲገለብጡ ከነስሕተቱ ይገልብጡ። «ኀይለ» ተብሎ ከተቀረጸ «ኃይለ» ብለው አያርሙት፤ የጠፋውን ፊደል በቅንፍ ውስጥ ነጥብ ያድርጉ እንጂ በግምት አይሙሉ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ አካባቢ ነን። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከሰፈራችን የወደቁትን ስም በአንድ ድንጋይ ላይ ልናስቀርጽ ገንዘብ እያዋጣን ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከስም ዝርዝሩ፤ ድንጋዩ የመጨረሻ ነው። ድሬዳዋ በታንክ የተጠቃችው ነሐሴ 11 ቀን 1969 ነው፤ ካራማራ የተመለሰው የካቲት 26 ቀን 1970። ዝርዝራችሁ የሚሸፍነው ከየት እስከ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ካልሆነ ከሌላ ግንባር የወደቀ ልጅ ያላት እናት «የእኔስ?» ስትል መልስ አይኖራችሁም። መደበኛ ጦር ብቻ ነው ወይስ ሚሊሺያም? የባቡር ሠራተኛና በመድፍ የሞተ ሲቪልስ? ይህንም በጽሑፍ አስቀምጡ።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ያዙ፦ ስም እስከ አያት፣ የጦር ክፍል፣ የወደቀበት ቦታና ቀን፣ መረጃውን የሰጠው ማን እንደሆነ። አንድ ስም ቢያንስ ከሁለት ወገን ይረጋገጥ፤ ለምሳሌ ከቤተሰብና ከአብሮ ዘማች፣ ወይም ከቤተሰብና ከጡረታ ሰነድ። ማዕረግ አትቅረጹ፣ ስሙን በፊደል ተራ አድርጉ፤ በማዕረግ የተደረደረ ዝርዝር ጠብ አያጣውም። ከግርጌ ከአሥር ስሞች አንድ ያህል ባዶ ቦታ ተዉ፤ ዘግይቶ የሚመጣ ቤተሰብ አይጠፋም።

የፊደሉ ቁመት የሚወሰነው ሰው በሚቆምበት ርቀት ነው፤ ለ3 ሜትር 2.5 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። የአማርኛ ፊደል ቅጥሏ ትንሽ ስለሆነች ከዚያ ካነሰ «ሰ» እና «ሱ»፣ «በ» እና «ቡ» አይለዩም። ጽላቱን የሚይዘው ብሎን የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ ይሁን፤ ተራ ብረት ዝጎ እብነ በረዱን ከማዕዘኑ ይሰነጥቀዋል። ቀራጩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሙሉውን ጽሑፍ በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትሙና ሰፈሩ ውስጥ ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ለሁለት ሳምንት ለጥፉት፤ እርሳስ በክር አንጠልጥሉበት። የተሳሳተ ስም በወረቀት ላይ በአንድ ደቂቃ ይታረማል፤ በእብነ በረድ ላይ ግን ጽላቱን በሙሉ እንደገና ማስቀረጽ ነው።